እንቅልፋሙና የጋሼ ተፈራ ዕጣ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 4። ከምሳ በኋላ።

ዛሬም የቼዝ ጳጳሴን ነካሁ። ዛሬም አጫወቱኝ። ዛሬም ተሸነፍኩ።

የጋሼ ተፈራ ሕግ አንድ ናት፦ የነካ ይጫወታል። በስህተት ይሁን፣ ዝንብ ለማባረር ይሁን፣ ጣትሽ ካረፈበት ያንኑ ታንቀሳቅሻለሽ። እማዬና አባዬ ሥራ ሲገቡ እታች እሳቸው አፓርታማ ጥለውኝ መሄድ ከጀመሩበት ጊዜ አንስቶ አንድ ቀን ምሕረት አድርገውልኝ አያውቁም። ትንሽ ልጅ ሆኜ አልቅሼ ሞክሬያለሁ። "አልቅሺ፤ ግን ተጫወቺ" አሉኝ። በቃ።

ሶ፣ ቅዳሜ የትንቢት ቀን ነው። ጋሼ ተፈራ (ከዚህ በኋላ ጋ.ተ.፤ እጄ ይደክማል) እና ጋሼ ሙሉጌታ (ጋ.ሙ.) እዚህ ቴክሳስ፣ ሜስኪት ከተማ፣ ከአንድ ሶፋ ላይ ሆነው የዓለምን ቼዝ ያስተዳድራሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ስምንት ተጫዋቾች ተለይተው ይጋጠማሉ፤ ከስምንቱ አንደኛ የወጣው የዓለም ሻምፒዮኑን ይገጥማል። ሰባቱ ወንበር ተይዟል። አንድ ቀርቷል። እሱም አውሮፓ ውስጥ ሊጀመር በተቃረበው ማጣሪያ ይሞላል። ማን ይገባ ይሆን?

ሽማግሌዎቹ የፈረንጅ ስም ስለማይገባላቸው ሁሉንም እንደገና አጥምቀዋቸዋል። ጋ.ተ. በረዶውን መረጡ፤ ንግሥቱ ብትበላ እንኳ ፊቱ የማይለወጥ ሰውዬ ነው። ጋ.ሙ. ማንንም አይመርጡም። ውጤቱ ሲወጣ "እኔ ብዬ ነበር" ይላሉ። በሕይወታቸው ተሳስተው አያውቁም፤ ሁልጊዜ የሚናገሩት በኋላ ነዋ።

እኔ እንቅልፋሙን መረጥኩ። አገጩን በመዳፉ ደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያስብ። ፀጉሩ ራሱ ከአልጋ የተነሣ። ለምን መረጥኩት? ጋ.ተ. እንዲናደዱ። ሌላ ምክንያት የለኝም፣ እምላለሁ። በቅርቡ ሦስት ሰው ገምቼ ሦስቱም በዕድል ገብተውልኝ ጥጋቤ አልበረደም።

ጋ.ተ. ግን አልተናደዱም።  ይሄ ተኝቶ የሚጫወተው? ብለው ጠየቁኝ። አዎ እሱ። "ቃልሽ እስካሁን ጠብ አላለም" አሉ።

ከዚያ ውሃ ሊያመጡ ተነሡ። ኪችኑ እዚያው ነው። መሀል ላይ ማቀዝቀዣውን ይዘው ቆሙ። ቆሙ። የሚያነቡ መሰሉ።

ማቀዝቀዣው ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7።

ዳላስ፣ ሆስፒታል። ከትምህርት ቀረሁ። ጋ.ተ. ቤዛ ካልመጣች አልገባም አሉ። እማዬ ነዳች። ፓርክ ለማድረግ ፎቁን ዞራ ዞራ ከእያንዳንዱ ምሰሶ ጋር ተጣላች። ጋ.ተ. ሁለት ጃኬት ደርበው ከኋላ። ውጭ አስፋልቱ ይጨሳል። "ውስጥ ኤሲ አለ" ይላሉ። የቴክሳስን በጋ በሙሉ ያሳለፉት በዚህ መልክ ነው፤ ለኤሲ ለብሰው።

እማዬን መጠበቂያ ክፍል አስቀሯት፤ ታለቅሳለች ብለው። እኔ ገባሁ። ሐኪሟ ደግ ነገር ናት። በስልክ አስተርጓሚ ደወለች። ድምፁ ከሳጥን ሲወጣ ጋ.ተ. ኮስተር ብለው፦ "ፊቱን የማላየው ሰው ልቤን አይተረጉምም።" አስተርጓሚው ይህንንም በትጋት ተረጎመው። ሐኪሟ ሳቀች። እኔ ከወንበር ልወድቅ።

ከዚያ መሳቅ አቆምኩ።

የልባቸው አንዱ ቫልቭ ጠቧል። የዛገ በር በለው። ደሙ እየተጋፋ ነው የሚያልፈው። መድኃኒት አይከፍተውም። ደረት ተከፍቶ መቀየር አለበት። ካልተቀየረስ? ብለው ጠየቁ።  ሳጥኑ ቀስ ብሎ ነገራቸው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ወደ እኔ ይዞራሉ፣ እውነቱን ነው? እንደማለት። ራሴን እነቀንቃለሁ። ራስ መነቅነቅ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ሐኪሟ ቀን ሰጠች፤ ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22። ይስማማዎታል? ጣሪያውን አዩ። "ኦኬ" አሉ። በእንግሊዝኛ። አስተርጓሚው የሚተረጉመው አጣ።

መጠበቂያ ክፍሉ ጋ ስንወጣ እማዬ ምን አሉ ስትል፣ መድኃኒት ጨመሩልኝ፣ ሌላ የለም፣ አሏት። እኔን ዓይን ዓይኔን እያዩ።

አልተናገርኩም። ለምን አልተናገርኩም?


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9። ደረጃው ላይ።

በአማርኛ መጻፌ ጥሩ ሆነ። ወንድሜ ፊደል አይቆጥርም፤ ከፓስወርድ ይሻላል። ዛሬ የሚጻፈውን ማንም እንዳያይ።

ጋ.ተ. ጠሩኝ። ቆሻሻ ጣይልኝ ብለው። ቆሻሻ የለም። በር ዘጉ። ቀዶ ጥገናውን አልፈልግም አሉ። ደነገጥኩ። ቀጠሉ፤ አልፈልግም፣ ግን ደግሞ አልፈልግም ለማለትም እፈራለሁ፣ ስለዚህ ዕጣ ይወስነው።

ምን ዕጣ?

እንቅልፋሙ።

እንቅልፋሙ ማጣሪያውን አልፎ ስምንተኛው ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሆስፒታል ይገባሉ። ካላለፈ አይገቡም። እሳቸው ከዛሬ ጀምሮ ጨዋታ አያዩም፤ ታብሌቱ ፎጣ ለብሷል። ውጤቱን ከእኔ አፍ ብቻ ነው የሚሰሙት። ለእማዬ ትንፍሽ እንዳልል በገብርኤል አስማሉኝ።

ስለት ለምን አይሳሉም እንደ ሰው? አልኳቸው። "ስለት ልመና ነው። ዕጣ መልስ ነው" አሉ። ከዚያ ታሪኩ መጣ፤ የማውቀው ታሪክ። የዲቪ ፎርማቸውን ለቀልድ የሞላላቸው የጎረቤት ልጅ ነው። ሊሄዱ አላሰቡም። ወጣላቸው። መጡ። በሕይወቴ ትልቁን ነገር እኔ አልወሰንኩትም፣ ዕጣ ወሰነልኝ፣ ክፉ አላየሁበትም፣ ይሄንንም እሱ ይጨርሰው።

ጋሼ፣ እኔ እንቅልፋሙን የመረጥኩት ላናድድዎ ነው! ቀልድ ነው!

"ዕጣ የሚያወጣው ለምን ሕፃን ይመስልሻል? አውቆ ስለማያወጣ ነው።"

ሕፃን! አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው! መንጃ ፈቃድ ልይዝ ነው!

ግን ምንድን ነው እንዲህ የሚያስፈራዎ አልኳቸው። ጃኬታቸውን ቆለፉ። ደረታቸውን አይደለም የፈሩት። መተኛቱን ነው። "እኔ ተኝቼ ሌላ ሰው በሰሌዳዬ ላይ ይጫወት? እሱ ሰውዬ ተኝቶ ካሸነፈ፣ እኔም ተኝቼ እሞክራለሁ።"

ቆሻሻ የሌለበትን ከረጢት ይዤ ወጣሁ። 


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14። ከክላስ በኋላ።

ስልክ ትምህርት ቤት ክልክል ነው። ሶ ጨዋታውን የማየው በላፕቶፕ፣ ከታሪክ ድርሰቴ ጀርባ። አውሮፓ ከሰዓት ሲሆን እዚህ ጠዋት ነው፤ ጨዋታው ኬሚስትሪዬ ላይ ይወድቃል።

እንቅልፋሙ አሸነፈ። ትላንትም አሸንፏል። አቻ፣ ድል፣ ድል። እኔ ለዚህ ሰውዬ ከእናቱ በላይ እየጸለይኩ ነው። ዓይኑን ሲጨፍን እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወታደር ሲገፋ ጥፍሬን እበላለሁ። የቀረኝ ጥፍር ጥቂት ነው።

ቲቸር ከኋላዬ ቆማ አየችኝ። ልትቀማኝ መሰለኝ። ማን እየመራ ነው? አለች። ከእኛ በታች የሚኖሩ ሽማግሌ፣ አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ከትምህርት ስመለስ እታች ጎራ አልኩ። ጋ.ሙ. ነጭ ሽንኩርት በማር ይዘው መጥተው ጋ.ተ.ን እያበሉ ነበር። ነጭ ሽንኩርት የማይከፍተው በር የለም ይላሉ። የሽታውን ኃይል ሳየው የአፓርታማውን በር እንኳ ይከፍታል። ጋ.ሙ. ማጣሪያው እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። ጋ.ተ. ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ደፈኑ። ጋ.ሙ. ጓደኛቸው ያበደ መሰላቸው። እኔ ሳልስቅ ቆምኩ። በዚያ ቤት ሳልስቅ ቆሜ አላውቅም።

የጋ.ተ. እግር አብጧል። ጫማቸው ክሩ ተፈቷል፤ አይቋጠርም።

ለእማዬ ልንገራት? ገብርኤልስ? ገብርኤል ይገባዋል፣ እማዬ ግን ትጮሃለች፣ ከጮኸች ጋ.ተ. በራቸውን ቆልፈው ጭራሽ አይከፍቱም። አውቃቸዋለሁ። ሲገፏቸው ወደ ኋላ የሚሄዱ ብቸኛው ወታደር እሳቸው ናቸው።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 17።

ዛሬ ሆምካሚንግ፣ ተማሪ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ የትምህርት ቤቱን ጨዋታ የሚያይበት በዓል። ቴክሳስ ስለሆንን አበባው ከእኔ ይበልጣል፤ ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ሪባን፣ ደወል፣ መሀሉ ላይ የተሰፋ ድብ። ስሄድ እንደ በግ መንጋ እጮሃለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ለጋ.ተ. ላሳያቸው ወረድኩ። ይስቁብኛል፣ እስቅባቸዋለሁ፣ ብዬ።

በሩን ከፈቱ። አበባውን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ትንሽ ደም ሄደ።

"ማን ሞተ?"

ማንም ጋሼ፣ የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው፣ ለደስታ ነው። የለቅሶ አበባ ደረት ላይ ተሰክቶ ለደስታ? አሉ። በግድ ሳቁ። ሳቁ መሀል ላይ ትንፋሽ አጠራቸው፤ የበሩን እጀታ ይዘው ቆዩ። ደወሎቹ ዝም እንዲሉ በእጄ ያዝኳቸው።

አበባውን እማዬ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከተትኩት። ጓደኞቼ የት ነው ሲሉ ተቀደደ አልኩ።

ነገ የመጨረሻው ዙር ነው። እንቅልፋሙና በረዶው እኩል ነጥብ ይዘዋል።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18። ጠዋት። ፒጃማዬን እንደለበስኩ።

በረዶው ጨረሰ። አቻ። ሶ ቀላል ነው፤ እንቅልፋሙ ካሸነፈ ስምንተኛው እሱ ነው። ካላሸነፈ፣ ነጥባቸው እኩል ቢሆንም በማለያያው በረዶው ስለሚበልጥ፣ ወንበሩ የበረዶው ነው።

እያሸነፈ ነው! ኮምፒውተሩም ይላል፣ ተንታኞቹም ይላሉ፣ እኔም ይታየኛል። ግንቡን ወደ ጥግ ካደረገ አለቀ። አንድ እርምጃ። ተጋጣሚው ውሃ ሊጠጣ ተነሥቷል። ዳኛው ጀርባውን ሰጥቶ ሌላ ጠረጴዛ ጋ ነው።

እጁን ዘረጋ። ና ግንቡን። ና የኔ ጌታ።

ንጉሡን ያዘ።

ምን? ትንሽ ከፍ አደረገው። መለሰው። እጁን ሰበሰበ። ዓይኑ በራ። ሰውዬው ዓይን እንዳለው ዛሬ ነው ያወቅኩት። ግራ አየ። ቀኝ አየ። ማንም አላየውም። ካሜራውና እኛ ብቻ።  ግንቡን ተጫወት፣ እባክህ ግንቡን፣ ማንም አያውቅብህም፣ እዚህ ሜስኪት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ እግራቸው አብጧል፣ እባክህ—

ንጉሡን ተጫወተ።

ድሉ ተነነ። ተጋጣሚው ውሃውን ይዞ ተመለሰ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ማመን አቃተው። ትንሽ ቆይተው ተጨባበጡ። አቻ።

በረዶው አለፈ።


ያው ቀን። ደረጃው ላይ።

ልዋሽ ነው። ወስኛለሁ። አልፏል እላለሁ። ታብሌቱ ፎጣ ለብሷል፣ ማን ይነግራቸዋል? ጋ.ሙ. ይነግሯቸዋል። ጋ.ሙ. "እኔ ብዬ ነበር" ሳይሉ ቅዳሜ አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ቃሌን በጭራሽ አያምኑም፤ ሐኪሟም የተናገረችውን ለማረጋገጥ የሚያዩት ወደ እኔ ነው። ሶ መዋሸት አልችልም። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ በራሴ አፍ አስቀራቸዋለሁ።

 

ሰውዬው ለምን ንጉሡን ተጫወተ? ማንም አላየውም እኮ።

ቆይ።

ቆይ ቆይ ቆይ።


ያው ቀን። ከራት በፊት።

ወረድኩ። ሁለት ጃኬታቸውን ለብሰው ተቀምጠው ነበር፣ ፍርድ ቤት እንደሚጠብቅ ሰው። አላለፈም፣ አልኳቸው።

ተነፈሱ። እፎይ ያሉ መሰለኝ። ከሁሉም ያስፈራኝ ያ ነው።

ሰሌዳውን አወጣሁ። የጨዋታውን መጨረሻ ደረደርኩ። ለማየት አልፈለጉም፣ ግን ቼዝ ተዘርግቶ አንገቱን የማያሰግግ ጋ.ተ. አይደለም። ግንቡን ወደ ጥግ፣ ያለቀ ነገር ነው! አሉ ወዲያው። አዎ፣ ግን ንጉሡን ነካ።

"ማን አየው?"

"ማንም። ተጋጣሚው ውሃ ሊጠጣ ሄዶ ነበር። ዳኛውም ዞሮ ነበር።"

"እና?"

"ተጫወተው።"

 ንጉሡን በጣታቸው ሊነኩት ብለው ተዉት። ጨዋ ሰው ነው፣ አሉ በመጨረሻ። በረዶውን እንዲህ አመስግነውት አያውቁም።

 "ጋሼ፣ እርስዎም ነክተዋል" አልኩ።

ቀና አሉ።

"ሐኪሟ ቀን ስትሰጥዎ ኦኬ ብለዋል። እኔ እዚያ ነበርኩ። ዕጣውን ያመጡት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ነክተዋል።"

ያ ሌላ ነው አሉ።

"ምን ነበር? ዝንብ ሲያባርሩ ነው?"

"ቤዛ!"

አሁን ሳስበው ድፍረቴ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እንባዬ ወርዶ ነበር። "ያልቅሱ፤ ግን ይጫወቱ" አልኳቸው።

ቆሙ። በሩን ከፈቱ። ውጪ አሉኝ። በሕይወቴ፣ አንድም ቀን፣ ከዚያ ቤት ውጪ ተብዬ አላውቅም።


እሑድ፣ ኦክቶበር 19።

ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። በራቸውን አንኳኳሁ። ዝም። የእኛ ወለል የእሳቸው ጣሪያ ነው፤ ምንጣፉ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ተኛሁ። ቲቪ የለም። እግር የለም። ከዚያ ሳል። ተመስገን፣ ሳል።

እማዬ አየችኝ። እየጸለይሽ ነው? አለች። አዎ አልኩ። ውሸት አይመስለኝም።

ነገም በሩ ከተዘጋ ገብርኤል ይቅር ይበለኝ እንጂ ለእማዬ እነግራታለሁ።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 20።

ከትምህርት መጥቼ ቦርሳዬን እንኳ አላወረድኩም። ደረጃው ላይ እግር። ቆም። እግር። ቆም። በሩ ተንኳኳ። እማዬ ከፈተች። ጋ.ተ.፣ በክራባት።

ረቡዕ ሆስፒታል የሚያደርሰኝ ሰው እፈልጋለሁ አሏት። ለምን ስትል ሁሉንም ነገሯት። እማዬ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ ከዚያ እያለቀሰች ተቆጣች። እስካሁን ዝም ያሉት ምን ቢያስቡ ነው! ዘመድ የለዎትም! እኛ ምንድን ነን! ጋ.ተ. አንገታቸውን ደፍተው እንደ ተማሪ ሰሙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዓመት የሚሆን መሳቂያ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ፤ የእኔን ድርሻ ለማታ አስተላለፈችው።

እማዬ ከክፍሉ ስትወጣ ጋ.ተ. ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ቀበኛ። ባስተማርኩሽ ትመቺኝ?"

ሌላ ማን አስተማረኝ ታዲያ፣ አልኩ። ከኪሳቸው ትንሿን ባለማግኔት ቼዝ አወጡ፤ ኤርፖርት ሹፌር ሳሉ መንገደኛ ሲጠብቁ የሚጫወቱባትን። ጀመርን። ጥቂት ተጫውተን ደከማቸው። በተራቸው ላይ አቆሙ። ረቡዕ ይዘሽው ነይ አሉ።

ደስ ሊለኝ ይገባል አይደል? ደስ አላለኝም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የፈራሁት እንዳይሄዱ ነበር። አሁን ሊሄዱ ነው። የላክኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ። እንቅልፋሙ አይደለም፤ ዕጣ አይደለም። አንድ ነገር ቢሆኑ "ይጫወቱ" ያልኩት እኔ ነኝ።

ጋ.ተ. ዕጣን ለምን እንደሚወዱት ገባኝ።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22። መጠበቂያ ክፍል።

ገና ጎህ ሳይቀድ ደረስን። እማዬ ዛሬ በመጀመሪያው ዙር ፓርክ አደረገች። አባዬ ከሌሊት ሥራው፣ ከሌዊስቪል መጋዘን፣ በቀጥታ መጣ፣ ሪፍሌክተሩን እንደለበሰ። ጋ.ሙ. አሉ። ነጭ ሽንኩርት አልያዙም፤ ወይም ደብቀዋል፣ ሽታው ግን ይናገራል። ጋ.ተ. እንደሚስማሙ እኔ ብዬ ነበር አሉ። ዛሬ አልተከራከርኳቸውም። ተሳስተው የማያውቁ ሰው አጠገቤ መቀመጣቸው ትንሽ ደስ አለኝ።

ወደ ቀዶ ጥገናው ከመግባታቸው በፊት እሳቸው ጋ አስገቡኝ። ጃኬቶቹ የሉም። ያለ ጃኬት እንዲህ ቀጭን መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ቀዝቃዛ ነው አሉ። ለኤሲ ይለብሱ አልነበር? አልኳቸው። ሳቁ። ሳቃቸው እስከ መጨረሻው ደረሰ፣ መሀል ላይ አልቆመም።

"ተራው የእኔ ነው" አሉኝ ሰሌዳውን በአገጫቸው እያሳዩ። "እንዳትነኪ።"

አልነካም።

ማደንዘዣው ገና ሳይሰጣቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አገጫቸውን በመዳፋቸው ደገፉ። እያዩኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ያንን ያደረጉት ለእኔ ነው።

ሰሌዳው ጉልበቴ ላይ ነው። ብዙ ሰዓት ሆነ። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛለች። አባዬ ጫማውን ያያል። ጋ.ሙ. መናገር አቁመዋል፤ ይህ ያስፈራኛል። ፈረሳቸው የት መሄድ እንዳለበት ይታየኛል። ጣቴ ይበላኛል። አንድ እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ በሌላው እጽፋለሁ።

በሩ ተከፈተ። ነርስ። የጋሼን ስም እያጣመመች ትጠራለች። ፊቷ ላይ ማስክ አለ፣ አይነበብም። እማዬ ተነሥታለች። ሰሌዳውን ሳላጋድል ልነሣ። ምንም አልነካሁም፣ ገብርኤል፣ ምንም አልነካሁም፣ ተራው የእሳቸው—